አባዬ የጠፋበት ቀይ ሜዳ

ከጎፋ የተነሳነው አባዬና እኔ ነን። ለጎረቤት የነገርነው ሜልቦርን የሚኖረውን ወንድሜን ደረጀን ልንጠይቅ እንደምንሄድ ነው። የእኔ ሐሳብ ግን ሁለቱን ማስታረቅ ነበር። እናታችን ስታርፍ ደረጀ ለቀብሯ አልመጣም፤ ከዚያ ወዲህ አባዬ አያናግረውም። የአንዱን ሰላምታ ለሌላው የማቀብለው እኔ ነኝ።

ቪዛው ሲመጣ አባዬ፣ «የምሄደው አገሩን ላይ ነው» አለ። አልተከራከርኩትም።

ከሜልቦርን ወደ ሰሜን

ደረጀ መኪናው ላይ ድንኳን፣ የውሃ ጀሪካንና አንድ ካርቶን ብርቱካን ጫነ። ሳንቸኩል፣ ደስ ያለን ቦታ እያደርን፣ እስከ ቀዩ ምድር ልንዘልቅ ነው። ከተማው ካለቀ በኋላ መንገዱ እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ አለ። ግራ ቀኙ ለአጨዳ የደረሰ ስንዴ ነው፤ አልፎ አልፎ ፎቅ የሚያካክሉ የእህል ጎተራዎች ብቻቸውን ቆመዋል።

አባዬ ላፍቶ ላይ መሬቱ ለኮንዶሚኒየም እስኪሄድ ድረስ ስንዴና ምስር ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ «ይህን ሁሉ ማን ያጭደዋል?» አለ።

«ኮምባይነር ነው አባዬ» ሲል ደረጀ መለሰ።

«አልማዝ፣ አንቺን እኮ ነው የጠየቅኩት።»

ደረጀ መሪውን ጨበጥ አድርጎ መንዳቱን ቀጠለ።

ስዋን ሂል የምትባል የወንዝ ዳር ከተማ አደርን። በማግስቱ ለምሳ በሊጥ የተጠቀለለ ትኩስ ሥጋ ገዛን፤ አንዱ ስምንት ዶላር። አባዬ ቀምሶ፣ «ሚጥሚጣ የሚባል ነገር አልደረሳቸውም» አለና ጨርሶ በላው።

ቀዩ ምድር

ሚልዱራ ከምትባል ከተማ ወዲያ አፈሩ እንደ ሸክላ ቀላ፣ ስልካችንም ኔትወርክ አጣ። ካንጋሮዎች ጥላ ሥር ተጋድመው ያዩናል። እኛም ከመንገዱ ወጣ ብለን አንድ ዛፍ ሥር በላን። ዕቃ ሰብስበን ዞር ስንል አባዬ የለም።

መጀመሪያ ለሽንት የሄደ መስሎን ጠበቅን። ከዚያ ተጣራን። ቁጥቋጦው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ አባዬ ውሃ እንኳ አልያዘም። ደረጀ እሾህ እየጣሰ ወዲያ ወዲህ ሮጠ። ድምፁ ሲዘጋ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ። አባቴን ደግሞ በእጄ አምጥቼ...»

አልጨረሰውም። ከሩቅ አቧራ ተነሳ። አሮጌ ፒካፕ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። የምትነዳው ፀጉሯ የሸበተ በግ አርቢ ናት፤ ከጎኗ አባዬ፣ በመካከላቸው ውሻዋ። አባዬ የአጥር ሽቦ የያዛትን በግ ሊያስለቅቅ ሄዶ ነው አቅጣጫ የጠፋው። ሴትየዋ በጎቿን ልታጠጣ ስትመጣ ውሃ ማጠራቀሚያው ሥር ተቀምጦ አገኘችው። እሷ በእንግሊዝኛ፣ እሱ ባደገበት ኦሮምኛ ሲጨዋወቱ መጥተዋል።

አባዬ ሲወርድ ደረጀ እግሩ ላይ ወድቆ አለቀሰ። አባዬ ግራ ገብቶት ቁልቁል አየው።

«አልሞትኩም እኮ! ተነስ። ውሃ ጠጣ፣ ከንፈርህ ደርቋል።»

ለልጁ ይህን ያህል ቃል ከተናገረ ስንት ጊዜው! እኔ ለሴትየዋ ብርቱካን እያቀበልኩ ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ወደ በጎቿ ተመለሰች።

ስንነሳ አባዬ ፊት ተቀመጠ። ደረጀ፣ እናታችን ስታርፍ የመኖሪያ ፈቃዱ ገና እንዳልተሰጠውና ከአገሩ ከወጣ መመለስ እንደማይችል ነገረው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ አባዬ።»

ብዙ መንገድ ሄድን። በኋላ አባዬ፣ «እናትህም ብትሆን እዚያው ቆይ ትልህ ነበር» አለ።

ወደ ቤት

ከቦሌ የያዝነው ታክሲ ጎፋ ሊደርስ ሲል መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመ። አባዬ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። እኔ ለዕርቅ ሽማግሌ የሚያስፈልግ መስሎኝ ስንት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱንም ሳልናገረው ተመለስኩ። ከእንግዲህ የሁለቱን ቃል አላመላልስም። ሾፌሩ በትራፊኩ ሲማረር፣ «ቀስ በል ወንድሜ፣ አንቸኩልም» አልኩት።