ተራዋ ሲደርስ የምትመለሰው አታሚ

እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ፤ ወሬ ፍለጋ አልሄድም፣ ወንበሬ ድረስ ይመጣልኛል። የዚህችን ሴት ነገር ግን ከማንም አልሰማሁም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። የሱቄን ግማሽ በመጋረጃ ከፍላ የተከራየች ጎረቤቴ ናት። ድሮ ልብስ ንጽህና ቤት ልብስ ትተኩስ ነበር። ታላቅ ወንድሟ አሮጌ የቲሸርት ማተሚያ ማሽን ገዛላትና «እስከ ክረምት ሥራ ካላገኘሽ እሸጠዋለሁ፤ አንቺም ወደ ካውያሽ ትመለሻለሽ» አላት።

መጀመሪያ የማስታወቂያ ወረቀት በተነች። ወረቀቱ የኦቾሎኒ መጠቅለያ ሆኖ ቀረ። ወንድሟ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ሲተርባት እሷ ቁጭ ብላ አሰበች። ሰው ሥራ ፈቶ የሰው ጀርባ የሚያየው የት ነው? ወረፋ ላይ! በራሷ ቲሸርት ጀርባ ላይ በትልልቁ «ተራዎ እስኪደርስ ይደውሉልኝ፤ ቲሸርት አትማለሁ» ብላ ከነስልክ ቁጥሯ አተመች። ዳቦ ቤት በሉት፣ ክሊኒክ በሉት፣ ያልተሰለፈችበት የለም። ተራዋ ሲደርስ ደግሞ ትወጣና እንደገና መጨረሻ ላይ ትቆማለች።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ደርሶሻል እኮ!» ይሏታል።

«እናንተ ቅደሙ፣ እኔ አልቸኮልኩም።»

ነካ አድርጓታል ተባለ። እንዲህ ያለው ዕብደት ለእኔም በደረሰኝ!

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቀን ከኋላዋ ተሰልፋ የነበረች የሙዓለ ሕፃናት ርዕሰ መምህርት ደወለች። ለስፖርት ቀን፣ ለልጆቹ ሁሉ፣ ቀይ ቲሸርት በነጭ ጽሑፍ ፈለገች። ጎረቤቴ እየዘፈነች አትማ፣ አጣጥፋ ከመረችው። በማግስቱ ስትገልጠው ነጩ ጽሑፍ ሮዝ ሆኗል። ጨርቁ ጥጥ አልነበረም፤ ሙቀቱ ሲበዛበት ቀዩ ቀለም ወደ ነጩ ሰርጎ ገብቷል። ዕድሜዋን ልብስ ስትተኩስ የኖረች ሴት፣ ደስታ አቅሏን አስቷት ጨርቁን ሳትዳስስ!

«ሮዝም ያምራል፤ ዝም ብለሽ አስረክቢ» አልኳት። እሷ ግን ማሽኑ ላይ አጎንብሳ ዋለች።

በሚቀጥለው ቀን ረፋድ ላይ ወንድሟ እንደ ዛቻው የማሽን ገዢ ይዞ መጣ። ገዢው ማሽኑን እየከፈተ እየዘጋ ሲያየው ርዕሰ መምህርቷ ገባች። ከክምሩ አንዱን አነሳችና «እንዴት ደስ ይላል!» አለች። እኔ መጋረጃው ጋ ቆሜ እፎይ አልኩ።

«እትዬ፣ ተበላሽቶብኛል» አለች ጎረቤቴ። «ያዘዙኝ ነጭ ነው፣ ይሄ ሮዝ ነው። ሲውል ሲያድር ደግሞ ይብስበታል። ትናንት ሙቀቱን ቀንሼ አንድ ሞክሬያለሁ፣ ነጭ እንደሆነ አድሯል። እስከ አርብ ይታገሱኝ፤ ቲሸርቱን በራሴ ገንዘብ እተካለሁ።»

ምናለ አሁን ዝም ብትል? ግን ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ እንኳ ዓይኗን ከሴትየዋ ላይ አለመንቀሏን ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ ጎረቤቴ በመሆኗ ኮራሁ።

ርዕሰ መምህርቷ ቲሸርቱን አጣጥፋ አስቀመጠች። «የአምናው አታሚ ጽሑፉ ሲላጥ ስልኬን እንኳ አላነሳልኝም። በይ፣ አርብ እመጣለሁ» ብላ ወጣች።

ወንድሟ የማሽኑን ሶኬት ነቅሎ በእጁ ይዞት ነበር። ጎንበስ ብሎ መልሶ ሰካው። ከዚያ ወደ ገዢው ዞረና «ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምኩህ» አለው፤ «ማሽኑ ሥራ ላይ ነው።»