የተቃጠለ ዘይት የሚወዱ ባክቴሪያዎቼ

አራት ኪሎ ግቢ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ጓደኞቼ ሁሉ አገር የሚያድን የጥናት ርዕስ መረጡ። እኔ ዘይትና ውሃ ላስታርቅ ተነሳሁ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለ ጋራዥ፣ የሞተር ዘይት ከጠገበ አፈር ውስጥ ያወጣኋቸው ባክቴሪያዎች ነበሩኝ። ዘይት መብላት ሲያምራቸው፣ ዘይቱን ከውሃ ጋር የሚያዋህድ እንደ ሳሙና ያለ ነገር ያመነጫሉ። ሳሙና ግን እንደነሱ ጠባይ አያወጣም።

ሥራዬ ምን ቢበሉ፣ ምን ያህል ቢሞቃቸው፣ ምን ያህል ቢናጡ ይህን ነገር አብዝተው እንደሚሰጡ ማወቅ ነበር። መጀመሪያ በስኳር ተንከባከብኳቸው። በሉ፣ ተባዙ፣ ጠብ ያለ ነገር ግን የለም። ለመባዛት የሚፈልጉትን ናይትሮጅን ቀንሼ ዘይት ብቻ ስሰጣቸው ሥራ ጀመሩ።

አማካሪዬ፣ ፈገግታ የሚቆጥቡ ሽማግሌ፣ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት። «ሲቸግራቸው ነው የሚሠሩት፤ ልክ እንዳንቺ» አሉ። ከዚያ ያገለገለ የመጥበሻ ዘይት እንድሞክር አዘዙኝ።

ፒያሳ፣ ከቤታችን ጀርባ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምበላላቸው ፓስቲ ጠባሽ ሴትዮ ነበሩ። «እትዬ፣ የሚደፉት ዘይት ካለ ለትምህርት ፈልጌ ነበር» አልኳቸው። ምንም ሳይጠይቁ ጥቁር ዘይት በጠርሙስ ሰጡኝ። ባክቴሪያዎቼ አበዱበት። ዘይቱና ውሃው ተዋህዶ ወተት መሰለ፤ ቀን ቢያልፍም አልተለያየም። አማካሪዬ እንኳ «መጥፎ አይደለም» አሉ፤ በሳቸው ቋንቋ ይህ ሠርግ ነው።

ደስታዬን ለዘይቱ ባለቤት ላካፍል ሄድኩ። «እትዬ፣ ዘይትዎን ስመረምረው ግሩም ውጤት አገኘሁበት።»

«መረመርሽው?» አሉ፤ መጥበሻው ላይ እጃቸው ቆመ።

«አዎ፣ ዩኒቨርሲቲ። ሌላም እፈልጋለሁ።»

የአራዳ ልጅ ናቸው፣ ወዲያው ነቄ አሉ። በማግስቱ የሰጡኝ ዘይት ጠራ ያለ ነበር። እኔ ብልኋ ተመራማሪ፣ አጥልለውልኝ ነው ብዬ አመሰገንኳቸው።

ከዚያ ውጤቴ ገደል ገባ። ዘይቱ ከላይ፣ ውሃው ከታች፣ እንደተኳረፉ ቀሩ። አማካሪዬ ሙቀቱን አስተካክዪ አሉ፤ አስተካከልኩ። አሲዱን እዪ አሉ፤ አየሁ። የሚንጠውን ማሽን አፈጠንኩት፣ ቀስ አደረግኩት። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሲቆም ደግሞ ጥፋቱን በመብራት ላይ ጣልኩ፤ አገር ያወቀው ተጠያቂ ነው። ተስፋ ቆርጬ ርዕስ ልቀይር ሁሉ አስቤ ነበር።

አንድ ከሰዓት ፊቴ ጠቁሮ ፓስቲ ልበላ ገባሁ። ሴትዮዋ ምንም ሳልጠይቃቸው፣ ደንበኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው «ደግመሽ መርምሪው! ያሁኑ ገና ከጀሪካኑ እንደወጣ ነው የሰጠሁሽ፤ ምንም አታገኚበትም» አሉ።

የያዝኩት ፓስቲ ከእጄ ሊወድቅ ደረሰ። «እትዬ፣ እኔ እኮ የምፈልገው የተቃጠለውን ነው።»

«በሰው ፊት?» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ ወደ ጓዳ እየጎተቱኝ።

እዚያ ቆሜ ባክቴሪያ ምን እንደሚበላ አስረዳኋቸው። በዘይት ላይ ሰላይ አለመሆኔን ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው፤ ካመኑ በኋላ ግን እስኪያለቅሱ ሳቁ። «ታዲያ እኔን ለምን አስጨነቅሽኝ?» ብለው ጥቁሩን ሞሉልኝ። ባክቴሪያዎቼም ሥራቸውን ቀጠሉ። ሲጠበስበት የተሰባበረ ዘይት ለመብላት ሳይቀላቸው አልቀረም፤ ንጹሑ ሰነፎች አደረጋቸው።

ጥናቴን ሳቀርብ አንድ ፈታኝ ንጹሑንና ያገለገለውን ዘይት የማወዳደር ሐሳብ እንዴት እንደመጣልኝ ጠየቁኝ። አፌን ስከፍት አማካሪዬ ቀደሙኝ።

«ከመጀመሪያው የታቀደ ነበር» አሉ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። እኔም በትሕትና ራሴን ነቀነቅሁ።