ኩርባው ላይ የሚጠፋው መብራት

ልጄን ጋራዥ ውስጥ «አያርፌ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት አጠገቡ የሚሠራው ቀጥቃጭ ነው፤ እሱ አንድ የተጨራመተ በር ይዞ ሲውል፣ ልጄ የኤሌክትሪክ መሞከሪያ ቴስተሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከመኪና መኪና ሲዘል ያየዋልና። የመኪና ኤሌትሪሺያን ነው። ሻዩን ቆሞ ይጠጣል። ቁጭ ካለም ጉልበቱ ይርገበገባል፤ ጠረጴዛው አብሮት ሲንቀጠቀጥ ትንሿ ልጁ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ትይዛለች።

ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከጎደለ ዓይኑ አይከደንም። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና፣ ሲመሽ መስኮቱ ሥር ተገትሮ «አባዬ አሁን የት ደርሷል?» እያለ ያደርቀኝ ነበር።

«እኔ እዚህ አንተ ጋ ቁጭ ብዬ በምን አውቄ!» እለዋለሁ።

አይሰማኝም። አባቱ ግን አንድም ቀን መንገድ ላይ አልቀረም፤ አርጅቶ፣ አልጋው ላይ፣ እጄን ይዞ ነው የሞተው። ስለዚህ ይህ ስጋት ልጄ ላይ ከየት እንደመጣበት እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንዱ ሰው ይዞት ይወለዳል መሰለኝ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ማንን አገባ? አዋላጅ። ምራቴ ሳይነጋ ትወጣለች፣ ከመሸ ትመለሳለች። ምጥ የያዛት ሴት እጇን ጨብጣ ይዛት «ሰዓቴ ደርሷል፣ ልሂድ» አይባልም። ክሊኒኩ ከከተማው ውጭ ነው። ወደ ሰፈራችን የሚያመጣው መንገድ የድንጋይ መፍለጫውን ታክኮ ይታጠፋል፤ ኩርባው በአንድ ወገን ግንብ አለው፣ በሌላው ወገን ድንጋዩ የወጣበት ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። የመንገድ መብራት የሚባል ነገር የለም።

ያገለገለች ትንሽ መኪና ሲገዙላት ልጄ ከሁሉ አብልጦ የወደደው የፊት መብራቷን ነበር። ሲጨልም በራሱ ይበራል፣ ሲነጋ በራሱ ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ የካፖርት ቁልፍ የምታህል ጥቁር ነገር አሳየኝ።

«እማዬ፣ ይቺ ሴንሰር ትባላለች። የመኪናዋ ዓይን ናት። ጨለማ ስታይ መብራቱን ታበራለች። እሷ ደክሟት ብትረሳ እንኳ መኪናዋ አትረሳም።»

ያን ዕለት ማታ ሁለት ጊዜ ወጥቶ አይቷታል፤ ደስ ብሎት ነው።

ብዙም አልቆየ፣ ዓይኗ ማበድ ጀመረች። ምራቴ በጠራራ ፀሐይ መብራቷ በርቶ በገበያው መሃል ስታልፍ ሰው ሁሉ እጁን እየጨበጠና እየዘረጋ ምልክት ያሳያታል። ይህስ ባልከፋ። ማታ ስትመለስ፣ ያውም ኩርባው ላይ ስትደርስ፣ መብራቱ ድርግም ይላል። ትንሽ ቆይቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ ተመልሶ ይበራል። በመጀመሪያው ቀን ግንቡን ለጥቂት ነው የሳተችው። ቤት ስትገባ ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር፤ ልጇን አቅፋ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

ልጄ «እንግዲያው በእጅሽ አብሪው» አላት። ጎህ ሳይቀድ በእጇ አብርታ ሄደች፤ ክሊኒኩ ስትደርስ ምጥ የያዛት ሴት በር ላይ ጠበቀቻትና ማጥፋቱን ረሳችው። ማታ ባትሪው አልቆ መኪናዋ አልነሳ አለች። በሳምንቱ ያው ተደገመ።

«በጨለማ ወጥቼ በጨለማ እመለሳለሁ» አለችው። «በመሃሉ የሰው ነፍስ በእጄ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ የማስታውስበት ጭንቅላት ከየት ላምጣ?»

ከዚያ በኋላ ልጄን ያየ ሰው እሾህ ላይ የተቀመጠ ይመስለው ነበር። ፊውዙን ቀየረ። ሽቦውን ከመብራቱ እስከ መሪው ድረስ ተከተለው። ዓይኗን ራሷን ነቅሎ አዲስ ተከለ። አንድ ቀን ምሳውን ረስቶ ወጥቶ ይዤለት ጋራዥ ብሄድ፣ ግማሽ አካሉ መኪናዋ ውስጥ፣ እግሩ ብቻ ውጭ ነው።

ቀጥቃጩ መዶሻውን አስቀምጦ «እናቴ፣ እንኳን መጡ» አለኝ። «ልጅዎን ከዚያ ያውጡልኝ። ደንበኛ ተሰልፎ የሚስቱን መኪና ሲፈታ ሲገጥም ይውላል።»

ልጄ ከውስጥ ሆኖ «ብልሽቱን ሳላገኝ አልወጣም!» አለ።

«አያርፌ፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት። አንተን ነው መፍታት።»

ልጄ ብቅ ብሎ በመዳፉ ያቺን ጥቁር ቁልፍ ከደናት፤ መብራቱ በራ። የእጅ መብራት አበራባት፤ ትንሽ ቆየና ጠፋ። «አየሽ እማዬ? እኔ ስጠይቃት በትክክል ትመልሳለች። እሷ ስትነዳት ነው የምትዋሸው።»

አብሯት ሄዶም ሞክሯል። በዕረፍት ቀኑ፣ አመሻሹ ላይ፣ ጎኗ ተቀምጦ በዚያ ኩርባ ወዲያና ወዲህ አመላለሳት። መብራቱ አንዴም አልጠፋም። ምራቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

«አንተን ታፍርሃለች» አለችው።

በማግስቱ ብቻዋን ስትመጣ ጠፋ።

የዚያን ዕለት ማታ እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ባዶ ክፍል አለ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተስተካከለ ልጄን ይዤ እዚያ እገባለሁ። አንተ በዕረፍትህ ትመጣለህ። ጉድጓድ ውስጥ ከምገባ ይሻላል።»

የልጄ ጉልበት ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠው ነበር። ተኝቼ እንኳ ከክፍል ክፍል ሲሄድ እሰማዋለሁ። የምራቴ ነገር እውነት ነው፤ የልጄም ጭንቀት እውነት ነው፤ እኔ ደግሞ ያቺን የልጅ ልጄን ሳላያት የምውልበት ቤት ከወዲሁ ጨለመብኝ።

የደም ግፊቴን የምለካበት ቀን ደርሶ ነበርና ከሰዓት በኋላ በታክሲ ክሊኒኩ ሄድኩ። ተለካሁ፤ ከዚያ ምራቴ ሥራዋን እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አነበብኩ፤ ፊደል የለየሁት ዘግይቼ ስለሆነ የተጻፈ ነገር አልፌ መሄድ አይሆንልኝም። በሩ ገርበብ ሲል ምራቴን ወዲያና ወዲህ ስትል አያታለሁ። ስልኳ መደርደሪያው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። እዚያ ክፍል ስልክ አይጮህም፤ ጥሪ ሲመጣ ከጀርባው ያለው መብራት ቦግ ቦግ ይላል። ሁለት ጊዜ ሲል አየሁ፤ ዞር ብላም አላየችው።

ስንወጣ ጨልሟል። መኪናው ውስጥ ገብታ ስልኳን ዳሽቦርዱ ላይ፣ እንዳይንሸራተት ባስቀመጠችው ላስቲክ ላይ፣ ድምፁ እንደጠፋ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ አኖረችው። መብራቱ በራሱ በራ። ቀበቶዬን በሁለት እጄ ጨበጥኩ።

«እማማ፣ ፈሩ እንዴ?»

«እኔ? ምን ያስፈራኛል!»

«እንግዲያው ቀበቶውን አይነቅሉብኝ።»

ጨዋታ ስለሆነ ትንሽ ልቤ መለስ አለ። ስለ ወለደችው ሴት ነገረችኝ፤ ባልየው በደስታ ጫማውን ረስቶ በካልሲ ወደ ቤቱ መሄዱን። እየሳቅን ወደ ኩርባው ደረስን። እዚያ ጋ መስታወቱ ላይ አንድ ነጭ ነገር ቦግ አለ፤ ከስልኩ ሥር ነው የሚሾልከው። ቦግ፣ ቦግ። ከዚያ መንገዱ ጠፋ። ግንቡም፣ ጉድጓዱም፣ የመኪናው አፍንጫም፣ ሁሉም ጠፋ።

«ያዙ፣ እማማ!»

ፍሬኑን ረግጣ በእጇ ማብሪያውን ጠመዘዘችው። መብራቱ ሲመጣ ግንቡ የክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ያየናል። ስልኩ ላይ የልጄ ስም በርቶ፣ ወዲያው ጠፋ። እሷ አላየችውም፤ ዓይኗ ግንቡ ላይ ነበር።

ቤት ስንደርስ ልጄ በር ላይ ቆሟል። የምራቴን ፊት አይቶ ገባው። እሷ መኪናዋን ግቢ አስገብታ መሪው ላይ ግንባሯን ደፋች። ልጄ በእኔ በኩል መጥቶ በሩን ከፈተ።

«እማዬ፣ አንቺ አይተሻል። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ። ምንም አትዝለዪ።»

«ልውረድ እንጂ መጀመሪያ!»

«ውረጂና ንገሪኝ።»

ነገርኩት። የተነሳንበትን፣ የሳቅነውን፣ የጠፋበትን ቦታ። «መስኮት ተከፍቶ ነበር? ሬዲዮ በርቶ ነበር? ጎማው ጉድጓድ መትቶ ነበር?» እያለ እንደ መርማሪ ያጣድፈኛል። ራሴን አዞረኝ። ተናደድኩ።

«አንተስ!» አልኩት። «ሰው እየነዳ ምን ያስደውልሃል? ያ ስልክ ከሥሩ ቦግ ቦግ እያለ በጨለማ ላይ ጨለማ ሲጨምርብን!»

ልጄ ቀጥ አለ። ከወለድኩት ጀምሮ እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይቼው አላውቅም።

«ከሥሩ?»

«ከሥሩ።»

«ስልኩ የት ነበር?»

ምራቴ ቀና ብላ ወደ ላስቲኩ ጠቆመች። ስልኩን አነሳው። ከሥሩ ያቺ ጥቁር ቁልፍ ተቀምጣለች። ስልኩ ተኝቶባታል፤ ለዚህ ነው በቀን ጨለማ መስሏት መብራቱን የምታበራው። መልሶ አስቀመጠው፣ ማብሪያውን ወደ አውቶማቲክ መለሰው፤ መብራቱ ግድግዳችን ላይ በራ። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቆ የራሱን ስልክ አወጣና ደወለ።

የስልኩ የጀርባ መብራት ዓይኗ ላይ ቦግ ቦግ አለባት። ጥቂት ቆየ። ግቢው ጨለመ።

ዘጋው፤ በራ። ደወለ፤ ጠፋ።

ማታ ማታ ኩርባው ላይ የሚሆነው ይኸው ነበር። አብሯት ሲሄድ ደግሞ ጎኗ ተቀምጦ ለማን ይደውል!

ምራቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየችና ሳቋ አመለጣት። «አንተ ነህ! ፊውዝ ቀየርን፣ ዓይን ቀየርን፤ አሁን አንተን በምን ልቀይርህ? መለዋወጫ የለህ!»

እሱ አልሳቀም። ጎማው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። «የክሊኒኩን ዘበኛ ጠይቄ መውጣትሽን ሳውቅ፣ አሁን ኩርባው ጋ ደርሳለች ብዬ ነው የምደውለው» አለ። «ሆን ብዬ እዚያ ላይ ነው።»

ሳቋን ተወችና አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ቤት ስደርስ ስልኬ ላይ ሁልጊዜ ያመለጠ ጥሪህ አለ። መቼም የማይቀር ስለሆነ ልብ ብዬው አላውቅም።» እጇን ጉልበቱ ላይ አኖረች። «ክፍሉን አልይዝም። ስወጣ እኔ እደውልልሃለሁ። ከዚያ ወዲያ እስክመጣ ጠብቀኝ።»

«ስልኩን ቦርሳሽ ውስጥ ከከተትሽው እኮ ብደውልም መብራቱ አይጠፋም።»

«ለመብራቱ ብዬ አይደለም» አለችው።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ደወለች፤ «ወጣሁ» ብላ ዘጋች። ልጄ ስልኩን አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው።

«እማዬ፣ ያዢልኝ። ብለምንሽም አትስጪኝ።»

ከጭኔ ሥር ከተትኩት። ሳሎኑን ዞረ። ጓዳ ገባ፣ ወጣ። ትንሿ ልጁ የምትጫወትበትን ዕቃ ረግጦባት ጮኸችበት።

«ደውላ ነበር?»

«አልደወለችም።»

«ምናልባት ሳትሰሚው...»

«ተቀምጬበታለሁ እኮ! ሂድ ወዲያ!»

ወደ ጓሮ ወጣ። የውኃ ታንከር የተቀመጠበት ከፍ ያለ የብረት ቆጥ አለን፤ ከእሱ ላይ የድንጋይ መፍለጫው መንገድ ይታያል። ከመስኮቱ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነበር። አንዱ እግር ይነሳል፣ ሌላው ይተካል፤ ጣቱ ብረቱን ይጠበጥባል። እኔም ከእሱ ተጋብቶብኝ መቀመጫው ላይ ስቁነጠነጥ ራሴን አገኘሁት። ከዚያ እግሮቹ ጸጥ አሉ። ረዘም ላለ ጊዜ ጸጥ እንዳሉ ቆዩ። ሁለት መብራት ተያይዞ ኩርባውን እየዞረ እንደሆነ ሳላይ አወቅሁ።

ዱብ ብሎ ወረደ። የመኪናዋ ድምፅ ሲሰማ የግቢውን በር አንድ ክንፍ ይዞ፣ በጥፍሩ ማጠፊያውን ይነካካል።

ምራቴ በመስኮቷ ብቅ ብላ «ምን ሆነ ደግሞ?» አለችው።

«ምንም። ትንሽ ላላ ብሎ ነው።»

ማጠፊያው አልላላም ነበር። ምራቴም አይታዋለች። «በርታ» አለችውና መብራቷ እንደበራ ገባች።