የአቻን መርዶ

ረታ የእናቱን ሞት የሰማው ሊነጋጋ ሲል ነው። ከጎሬ የወረደ የአይሱዙ ሹፌር ቀድሞ ረታ ለሚሠራበት የጋምቤላ ሆስፒታል ባልደረቦች ነግሯቸው ኖሮ፣ ከመካከላቸው ደገኞቹ እንደ አገራቸው ወግ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመው ነበር። በሩን ከፍቶ ሲያያቸው፣

«እማዬ ናት አይደል?» አለ።

ማልቀስ ጀመሩ።

ጎሬ ሲደርስ እናቱ ተቀብራ ሠልስቷም አልፏል። ታናሽ እህቱ አልማዜ ለቀስተኛው ቀለል እስኪል ጠብቃ ወደ ጓዳ ጠራችውና በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አስጨበጠችው።

«አደራዋ ላንተ ነው፤ ጋምቤላ ያለኸው አንተ ነህና። ‹የአቻንን መርዶ ለሰዎቿ ያድርስልኝ› ብላለች።»

ረታ ቋጠሮውን ሳይፈታው አወቀው።

አቻን የእናታቸው አያት፣ የጋምቤላ ቆላ አኙዋክ ነበረች። ጎሬ ገና የጦር ሰፈር ሳለች፣ ቆላ ወርደው ባሪያ የሚፈነግሉ ነጋዴዎች በጎግ በኩል ከወንዝ ዳር አፍነው ወሰዷት። መጀመሪያ ከጎሬ በታች ባለችው ቡሬ፣ ቀጥሎ ጎሬ ላይ ተሸጠች። የገዟት ሰዎች ስሟን ትርንጎ አሉት። ስትፈጭና ውኃ ስትቀዳ ልጅነቷ አለቀ። ጌታዋ ሲሞት ነፃ ወጣች፤ ክርስትና ተነሥታ ኮርቻ ሰፊ አገባች፤ ወለደች። የታች ጥርሶቿ በልጅነቷ የተነቀሉ ነበሩና ጎረቤት ሲስቅባት፣ «ያገሬ ሴት እንዲህ ካልሆነች አታምርም» ትል ነበር። በጎሬ ሰው ዘንድ አሣ የጾም መብል ነው። እሷ ግን በፋሲካም አሣ ፍለጋ ወንዝ ትወርዳለች።

በገበያ ቀን ወደ ቡሬ በሚያወጣው መንገድ ላይ ቆማ፣ ከቆላ የመጣውን ተሸካሚ ሁሉ በቋንቋዋ ታናግር ነበር። ቤቷን የሚያውቅ አላገኘችም። ሰማያዊ ዶቃ ያየች እንደሆነ ደግሞ በእንቁላልም በቅቤም ለውጣ ሳትወስድ አትመለስም። በአኙዋክ ወግ ወንድ ልጅ ሚስት የሚያጨው ለእህቱ ጋብቻ በመጣው ዶቃ ነው። የአቻን ወንድም ያን እየጠበቀ ሳለ ነው እሷ የጠፋችው። «ወንድሜ በኔ ምክንያት ቆሞ ቀረ» እያለች ዶቃውን በክር ስትሰካ ኖረች፤ ያ በቋጠሮው ያለው ክር ሳይሞላ ሞተች። ያን ጊዜ ልጅ የነበረችው የረታ እናት ክሩን ይዛ ቀረች።

ረታ ወደ ሥራው ሲመለስ ነገሩን መጀመሪያ ያዋየው ኦጁሉን ነው። ኦጁሉ የክትባት ባልደረባው፣ የአኙዋክ ልጅ ነው። ጊዜው ጋምቤላ ራሷን የቻለች ክልል በሆነች ማግስት ነበር፤ ማን የየት ሰው እንደሆነ በየቢሮው ይጠየቃል።

«አሃ!» አለ ኦጁሉ እየሳቀ። «ክልል ሲመጣ አኙዋክ አያት የሌለው ደገኛ ጠፋ! አንተ ምን ፈልገህ ነው? ወንበር ነው? የቤት መሥሪያ ቦታ ነው?»

«መርዶ ነው የያዝኩት» አለ ረታ።

ታሪኩን ሲሰማ የኦጁሉ ሳቅ ቆመ። ጥቂት አሰበና፣

«የጠፋችውን ሴት አትጠይቅ» አለው። «በዚያ ዘመን ከየቤቱ ሴት ጠፍቷል። እህቱ ጠፍታ ሚስት ያጣውን ወንድ ጠይቅ። እሱን ሰው አይረሳም።»

ለክትባት በጎግ መንገድ ወዳለችው አቦቦ በወረዱ ጊዜ ኦጁሉ የጎግ ተወላጅ ወደሆኑት ሽማግሌ ወደ ኦፒው ወሰደው። ኦፒው ማንጎ ሥር ተቀምጠው ነበር። ጥያቄውን ሲሰሙ ሳቁ።

«አለ እንጂ! ልጆች ሆነን በእሱ እንስቅ ነበር። ሸብቶ ሙሽራ! የእናቱ ወንድም ነው በኋላ ዶቃ የሰጠው።»

«እህቱስ አባባ?» አለ ረታ።

«አቻን? እሷ ከደገኛ ወንድ ጋር ኮበለለች። ያለ ዶቃ ሄደች። ወንድሟ እስኪሞት ስሟን አልጠራም። ዛሬም በዚያ ቤት ሴት ልጅ ስታጠፋ ‹አቻን ትሆኛለሽ› ይሏታል።»

ረታ ቋጠሮውን ፈታ።

«አልኮበለለችም አባባ። ተሸጣ ነው» አለና ከእናቱ የሰማውን አንድ በአንድ ነገራቸው። ኦፒው ዶቃውን ወደ ብርሃን አንሥተው በጣታቸው ዳበሱት።

«ይሄ ድሙይ፣ የጋብቻው ዶቃ አይደለም» አሉ። «ድሙይ የድሮ ነው፤ ዛሬ አይሠራም። ይሄ የገበያ ብርጭቆ ነው። በዚህ ሚስት አይመጣም።»

«ጎሬ ያገኘችው ይሄን ነው።»

ሽማግሌው ክሩን መልሰው ጨርቁ ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

«ይዘህላቸው ሂድ። ይዩት። ግን አንተ ራስህ ንገራቸው። እኔ ብነግር ወሬ ነው። ከቤቷ ልጅ አፍ ሲሰሙት ያለቅሱላታል።»

በማግስቱ መኪናቸው የጎግን መንገድ ጀመረና ጭቃው ውስጥ ተቀረቀረ። የመንደሩ ሰው ገፍቶ ካወጣው በኋላ ሹፌሩ ወደ አቦቦ መለሰው። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ተዘጋ።

ረታ የእናቱን አርባ ጎሬ ወጥቶ አወጣ። አልማዜ «አደረስክላት?» ስትለው «ቤቱን አግኝቻለሁ» አላት።

ዶቃው መንገዱ እስኪከፈት ጋምቤላ፣ በረታ ሣጥን ውስጥ ነው። በጎግ ያለው ቤት ልጃገረዶቹን ዛሬም በአቻን ስም ይቆጣል። መርዶዋ ገና አልተነገረም።