የሰረዝኳቸው መስመሮች

ትናንት አንድ የኮሌጅ ተማሪ ድርሰቱን እንዳርምለት ይዞልኝ መጣ። ወረቀቱን ስዘረጋው ገና ያልደረቀ ቀለም ሸተተኝ። እጆቼ ሳላስበው ጠረጴዛው ሥር ገቡ። ተማሪው ከዓይናፋርነቴ ቆጥሮት ይሆናል። ዓይናፋርስ ነኝ፤ የእጆቼ ምክንያት ግን ሌላ ነው።

አባቴ ዲማ አጠገብ የብራና መጻሕፍት ጸሐፊ ነበር። ጥላሸቱን ከተቆላ ገብስ ጋር አሽቶ ቀለም ሲያዘጋጅ አጠገቡ እየተቀመጥኩ ጽሕፈት ለመድኩ። በአገራችን ማንበብ የሚችል ብዙ ነበር። መጻፍ ግን የጥቂቶች ሙያ ስለነበር፣ ቅኔ በቃሉ የሚዘርፍ ተማሪ እንኳ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ያቅተው ነበር።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት አንድ የቅኔ ተማሪ ጽሕፈት ሊማር ወደ አባቴ መጣ። አባቴ ዓይኑ ደክሞ ነበርና "ልጄ ታስተምርህ" አለው። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ እሱ ሃያን አልፏል። በየጠዋቱ ከደጃችን ወይራ ሥር ቆሞ እጅ ይነሳኝና "እንደምን አደሩ የኔታ?" ይለኛል። እኔ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ እሸፍናለሁ።

ፊደሎቹ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዱ ነበር። አንድ ጠዋት ግን የእናቱን ስም አስተካክሎ ጻፈ። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረና "እስቲ የኔታ፣ እናቴን ይዩልኝ" አለኝ። ማስተማር እንዲያ ደስ እንደሚል ያን ቀን አወቅሁ።

ክረምቱ ሳይወጣ እናቱ ሞተች። ታላቅ ወንድሙ ከአርበኞች ጋር ጫካ ነበር፤ በአርባ ቀኗ ለተዝካሩ እንደሚመጣ መልእክት ልኮ ነበር። ባንዶች ይህን ሰምተው ቤቱን ሊከብቡ መከሩ። ተማሪው ይህ ወሬ ደርሶት እያለከለከ መጣ። ከአምበር ገበያ እስከ ጫካው የምትዘልቅ አንዲት ጥጥ ነጋዴ ደብዳቤ ልታደርስለት ቃል ገብታለታለች።

ተቀምጦ ጻፈ። ከበሬው ጀመረ። "አንተ የገራኸው ጥቁር በሬ ዛሬም ሌላ ሰው ሲጠምደው ይተኛል" አለና፣ ስለ ፈረሰው አጥር፣ ስለ ጎረቤቶቹ ጠብ ቀጠለ። ዋናው ነገር የወረቀቱ ግርጌ ላይ ነበር።

"ጋሼ፣ ወንድምህ ሊሞት ነው፤ አንተ ስለ በሬ ታወራለህ?" አልኩት።

"እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚወራ" አለ አፍሮ።

ብዕሩን ከእጁ ወሰድኩ። በሬውን ሰረዝኩ፤ አጥሩንም ሰረዝኩ። በሌላ ወረቀት፣ አባቴ ባስተማረኝ በተዋበው ቁም ጽሕፈት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ወደ እናታችን ተዝካር አትምጣ። ባንዶች አድፍጠው ይጠብቁሃል።"

"ውይ ማማሩ!" አለ። ነጋዴዋ ፈትል ጠቅልላበት ልቃቂት አስመስላ ወሰደችው።

ወንድሙ በተዝካሩ ቀን መጣ። ደጃፉ ላይ ገደሉት። ለእናቱ በተጣለው ዳስ ውስጥ ገነዙት።

ነጋዴዋ በኋላ ነገረችን። "አንብቦ ሳቀ" አለች። "'ይህማ የጣልያን ጸሐፊ ነው። የኔ ወንድም እንዲህ መጻፍ ከየት አምጥቶ? ደግሞስ እሱ ሁለት ቃል ተናግሮ ዝም ይላል? ከእናቴ ተዝካር ሊያስቀሩኝ ነው' አለኝ። ኧረ ከወንድምህ እጅ ነው የተቀበልኩ ብዬ ብነግረውም፣ 'አንቺንም አታለውሻል' አለኝ።"

ተማሪው ይህን ሲሰማ አጠገቤ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ለብዙ ቀናትም አልመጣም። ይረግመኛል ብዬ ጠበቅሁ።

አንድ ጠዋት ወይራው ሥር ቆሞ አየሁት።

"እንደምን አደሩ የኔታ?" አለኝ። ድሮ የነበረበት ቀልድ ጠፍቶ ነበር።

ባንዶች ያላገኙትን የወንድሙን ጠመንጃ ይዟል። አግብታ ርቃ ለሄደችው እህቱ ደብዳቤ ትቶላት ጫካ ሊገባ ነው። ከዚያ ወዲህ እሱንም አላየሁት፤ ወሬውን የሚነግረኝም አላገኘሁም።

ብዕሩን ወደ እኔ ዘረጋ። "እርስዎ ይጻፉልኝ፤ የእኔ አያምርም።"

እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኋቸው። "አይሆንም ጋሼ። አንተው ጻፍ።"

እንባዬን እንዳላየ ሆኖ ተቀመጠ። ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። ፊደሎቹ አሁንም ይንገዳገዱ ነበር።

ከበሬው ጀመረ።