የተገለበጠው ጣውላ

አውቶቡሱ ዞሮ ወደ ከተማ የሚመለስበት የመጨረሻው ፌርማታ አጠገብ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አርባ ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ ዳይሬክተሩ አናጢውን ቢሮው አስጠርቶ ሁለት ነገር ነገረው። አንደኛው፣ ለበዓሉ አዳዲስ የብረት ዴስኮች መግባታቸውን ነው። ሁለተኛው፣ አሮጌዎቹን የእንጨት ዴስኮች ለማገዶ የሚወስድ መኪና ሐሙስ ጠዋት እንደሚመጣ ነው። ቀኑ ሰኞ ነበር።

አናጢው ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቶታል። ተማሪው «ጋሽ ገልብጤ» ይለዋል። ፊቱ የተቦጫጨረ ዴስክ ይዘውለት በመጡ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «ይገለበጣል።» ስድስቱን ብሎን ይፈታል፣ ጣውላውን ይገለብጣል፣ ንጹሑን ፊት ወደ ላይ አድርጎ መልሶ ያጠብቃል። ፍቅሩም፣ ስድቡም፣ የሒሳብ ቀመሩም ወደ ታች ዞሮ፣ ከደብተር ማስቀመጫው በላይ ባለችው አራት ጣት የማትሞላ ጨለማ ውስጥ ይቀበራል። ከዚያ በኋላ መላጊያ የሚያሳርፈው በላይኛው ፊት ላይ ብቻ ነው፤ የታችኛውን አይነካም። «ሁለቱንም ብልግማ ጣውላው ወረቀት ሆኖ ይቀራል» ይላል። እንዲህ እያለ ሠላሳ ስምንት ዓመት ገለበጠ።

«ሁለት ሳምንት ስጠኝ» አለው ዳይሬክተሩን። ዳይሬክተሩ በተማሪነቱ በዚሁ ግቢ የሮጠ ሰው ስለሆነ፣ ሌላ ሰው በሌለበት አናጢው አንተ ነው የሚለው።

ዳይሬክተሩ አይሆንም በሚል እጁን ዘረጋ። ግምጃ ቤቱ ሞልቷል፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ ከጀርባ የተከመረ እንጨት እንዲታይ አይፈልግም። ለመሆኑ ለማገዶ ሁለት ሳምንት ምን ይሠራለታል ብሎ ጠየቀ። አናጢው መልስ ነበረው፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ወጣ።

የሆዱ ነገር እንዲህ ነው። ሚስቱ የሞተችው ከስምንት ወር በፊት ነው። እሷም የዚሁ ትምህርት ቤት ሰው ነበረች፤ መጀመሪያ ተማሪ፣ ቀጥሎ መምህርት፣ መጨረሻ አሥራ ስምንት ዓመት ምክትል ዳይሬክተር። ዴስክ ሲቦጭር የተገኘ ተማሪ እጅ ላይ አንዲት ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ታስይዝና፣ ጣውላው እንደ ሕፃን ጉንጭ እስኪለሰልስ ድረስ ታስፈገፍገው ነበር። በዚህ የተነሳ ስሟ «ብርጭቆ» ሆነ። ስሙን ታውቀዋለች። አልከፋትም፤ ብርጭቆ ካላነካኩት ማንንም አይቆርጥም ትል ነበር።

ከሞተች በኋላ አናጢው የእጅ ጽሑፏን መፈለግ አመጣ። ቤቱ ሞልቷል፤ ችግሩ፣ ሁሉም ማስጠንቀቂያ ነው። ማቀዝቀዣው ላይ «በሩን ዝጋ» ይላል። በረንዳው ላይ «ጫማ እዚህ አይቀመጥም» ይላል። የደም ግፊት መድኃኒቱ ላይ ደግሞ «ከምግብ በኋላ። እንዳትረሳ። ትረሳለህ» የሚል ተለጥፏል። በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድም ደብዳቤ አልተጻጻፉም፤ አንድ ግቢ ውሎ አንድ ቤት የሚያድር ሰው ምን ይጻጻፋል? ለጨዋታ ብላ፣ ማንንም ሳታስጠነቅቅ የጻፈችው ነገር በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። እሱም ከአራት መቶ ስልሳ ዴስኮች በአንዱ ሆድ ውስጥ ነው። የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

የጻፈችው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው። ያኔ ትምህርት ቤቱ ስምንት ክፍልና አንድ ሜዳ ነበር። ሜዳው ተዳፋት ስለሆነ፣ ቁልቁል ለመጫወት ዕጣ ያሸነፈ ቡድን ጨዋታውንም እንዳሸነፈ ይቆጠራል። ደወሉ በገመድ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር «ሬዲዮ» ይባል ነበር፤ ማጥፊያ የሌለው ሬዲዮ። በየክፍሉ እየገባ ስለ ሥነ ምግባር መናገር ከጀመረ የሁለት መምህር ክፍለ ጊዜ ይበላል። አንድ ቀን ሬዲዮ ሲናገር፣ አንዲት ከመስኮት አጠገብ የተቀመጠች ተማሪ የኮምፓስ ጫፏን አውጥታ ዴስኳ ላይ እንዲህ ብላ ቆፈረች፤

«እዚህ የተቀመጠች ልጅ ዳይሬክተሩ ሲናገር አርጅታ ሞተች።»

ሬዲዮ ጽሑፉን አየ፤ የጻፈችውን ግን አላየም። ዴስኩ ሳይነካ እንዲቆይና የሁሉም ተማሪ የእጅ ጽሑፍ ከእሱ ጋር እንዲመሳከር አዘዘ። የተገኘው ተማሪ ይባረራል። አናጢው ያኔ ሥራ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ጽሑፉን ሲያነብ ብቻውን ሳቀ። በማግስቱ ሬዲዮ መርማሪ መምህራኑን አስከትሎ ሲመጣ ዴስኩ ፊቱ እንደ መስተዋት ንጹሕ ሆኖ ጠበቀው። አናጢው ምን እንደሠራ ሲጠየቅ፣ የተበላሸ ዴስክ አየሁ፣ ሥራዬ ነው፣ ጠገንኩ አለ። የመጀመሪያው ግልበጣ ያ ነው። የእሱም ስም፣ የትምህርት ቤቱም ልማድ ከዚያ ጀመረ።

ልጅቷ ከዓመታት በኋላ መምህርት ሆና ተመልሳ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመችና የእኔን ጣውላ የገለበጥከው አንተ ነህ ወይ ብላ ጠየቀችው። በዚያው ተጋቡ። ምክትል ዳይሬክተር የሆነች ቀን ግን አስማለችው። ዴስክ የቦጨረ ሁሉ በእሷ ፊት እየተንቀጠቀጠ፣ ራሷ ቦጫሪ መሆኗ ከተሰማ በማግስቱ ግቢው ገበያ ይሆናል። ለማንም ብትተነፍስ ተፋታን አለችው። አልተነፈሰም። ለገዛ ልጃቸው እንኳ አልነገረም።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ካቻቢቴውን ይዞ ብቻውን ክምሩ ላይ ወጣ። ብሎኑ ዝጓል፤ አንዳንዱ ጣውላ አስር ደቂቃ ይፈጃል። እስከ ማታ አርባ አንድ ፈታ። የእሷን አላገኘም፤ የሌላውን ግን ጠግቦ አነበበ። «ከአጠገቤ ያለው ልጅ ይኮርጃል። ምስክር ነኝ፣ ከእሱ ነው የምኮርጀው» ይላል አንዱ። «የግንቡ ቀዳዳ ተደፍኗል፤ አዲሱ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ነው» ይላል ሌላው። ከሥሩ በሌላ ዘመን እጅ «ይሄም ተደፍኗል። ወደ ድሮው ተመለሱ» ተብሏል። የታሪክ መምህሩ ለበዓሉ መጽሔት የትምህርት ቤቱን ታሪክ በአራት ገጽ ጽፎ ነበር፤ የስድስት ዳይሬክተሮች ስምና የተሾሙበት ቀን አለበት። ስለ ቀዳዳው አንድ ቃል የለውም።

ረቡዕ ጠዋት ዳይሬክተሩ ያረፈዱ ተማሪዎችን ቅጣት ብሎ ላከለት፤ አሥራ አንድ ናቸው። ከፊት የመጣችው ረጅሟ ልጅ በየቀኑ ከሦስተኛው ደወል ጋር ስለምትገባ ስሟ «ሦስተኛ ደወል» ሆኗል። አናጢው ጣውላ እንዲፈቱለት ነገራቸው። ለምን ሲሉት፣ ብሎኑን ስለምፈልገው ነው አለ። ባልዲ አመጡ፤ ብሎን ይጠራቀም ጀመር። እሱ ግን የተፈታውን ጣውላ እያነሳ፣ እያየ፣ ይጥላል።

እስከ ምሳ መቶ አልሞላም። ሦስተኛ ደወል ባልዲው ውስጥ አንድ ብሎን ጣለችና ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ብሎን የሚፈልግ ሰው ጣውላ አያነብም።»

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «አንድ ጽሑፍ ነው» አለ።

«ምን የሚል?»

አሰበ። ጽሑፉን መናገር የጻፈውን መናገር አይደለም። ነገራቸው።

ገና ሳይጨርስ አሥራ አንዱም ሳቁ። ሳቁ የሚያውቁት ሰው ስም እንደተነሳባቸው ዓይነት ነው። ልጅቷ እሱማ ስንት ቦታ አለ አለችው፤ አሥረኛ ክፍል ሁለት፣ ላቦራቶሪው አንድ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሦስት። አናጢው አልገባውም። ማን ገልብጦ አየው? ማንም አልገለበጠም። ትምህርት ሲሰለች እጅ ወደ ደብተር ማስቀመጫው ይገባል፣ ጣት ወደ ላይ ይቀናል፣ የተቆፈረውን ፊደል እየዳበሰ ያነባል። እሷ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ያስተማረቻት የአክስቷ ልጅ ናት፤ የአክስቷን ልጅ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ። ያማረውን ሌላ ዴስክ ላይ ቆፍረው ይገለብጡታል፤ እሱም ተራው ሲደርስ በአናጢው እጅ ተገልብጦ ወደ ታች ይወርዳል። እሱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቀበርኩ ሲል፣ በየዓመቱ የሚገባው ተማሪ በጣቱ ጫፍ ሲቆፍረው ኖሯል። ሁለት ቀን ሙሉ ብሎን ከሚፈታ፣ ከመንገድ ላይ አንዱን አርፋጅ ይዞ ቢጠይቅ ይበቃው ነበር።

«የትኛውን ነው የሚፈልጉት?» አለች ልጅቷ።

«የመጀመሪያውን።»

«የመጀመሪያው የማን ነው?»

አናጢው ክምሩን አየ። ገና ከሦስት መቶ በላይ ቀርቷል፤ መኪናው ነገ ጠዋት ነው። ቢናገር የሚፈታው ሰው የለም፤ የምትፈታው ቀድማው ሄዳለች። ቢሆንም ቃል ቃል ነው። በእጁ የያዘውን ብሎን ባልዲው ውስጥ ጣለ።

«የባለቤቴ ነው» አለ።

ከእነዚህ ልጆች ግማሾቹ ባለፈው ዓመት እሷ ፊት ቆመው ጣውላ ፈግፍገዋል። ከኋላ አንዱ «ብርጭቆ?» አለና አፉን በእጁ ያዘ።

«እሷው» አለ አናጢው። «ብርጭቆ።» ስሙ ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ያን ጊዜ ከጀርባቸው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዳይሬክተሩ ነው፤ ቅጣቱ በአግባቡ መፈጸሙን ሊያይ መጥቶ የመጨረሻውን ሰምቷል። ተማሪዎቹ ሊበተኑ ሲሉ ተቀመጡ አላቸውና ራሱም አንድ የተሰበረ ዴስክ ላይ ተቀመጠ። አስረኛ ክፍል ሳለ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በጣቱ አንብቦ ዴስኩ ላይ እንደቆፈረው ተናዘዘ። ያኔ ገና መምህርት የነበረችው እሷ መጣች፤ አነበበች፤ ቆመች። እንደምታስባርረው ተማምኖ ለአባቱ ምን እንደሚል እያሰበ ነበር።

«ምን አለችዎት?» አለች ሦስተኛ ደወል።

«‹ፊደልህ ጠማማ ነው› አለችኝ። አንድ ሳምንት አስፈገፈገችኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ፣ ያን ቀን ለምን እንዳልተቆጣች ሳስብ ነው የኖርኩት።»

አናጢው ሳቀ። ከስምንት ወር ወዲህ እንዲህ አልሳቀም፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሳል ዞረበትና ልጆቹ ውሃ አመጡለት።

የቀረው መለየቱ ነው። ከሌሎቹ በምን ይታወቃል ሲሉት፣ ከሥሩ ሌላ መስመር አለበት አለ። ሦስተኛ ደወል ወዲያው አወቀችው።

«‹ነፍሷን ይማር። አናጢው› የሚለው? እሱማ አሥራ ሁለት ለ፣ የመስኮቱ ረድፍ፣ እግሩ በቆርቆሮ የተጠገነው። እኛ እኮ ‹አናጢው› የተማሪ ቅጽል ስም ይመስለን ነበር።»

«እኔ ነኝ» አለ። «ስገለብጠው በመሮ ጻፍኩበት።»

ክምሩ ውስጥ እግራቸው በቆርቆሮ የተጠገነ ዴስኮች ከሃያ በላይ ነበሩ፤ አናጢው ቆርቆሮ ይወድ ነበር። አሥራ አንዱ አርፋጆች ተበታተኑና እጃቸውን በየዴስኩ ሆድ ውስጥ ከተቱ። ዳይሬክተሩም ኮቱን አውልቆ፣ ተንበርክኮ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ይዳብስ ጀመር። በዚያ በኩል ያለፈች አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ዳይሬክተሩን በዚያ ሁኔታ አይታ ሳትጠይቅ ወደ መጣችበት ተመለሰች። ያገኘችው ሦስተኛ ደወል ናት። እጇን ሳታወጣ በሌላው እጇ አናጢውን ጠራችው።

እሱም እጁን ከተተ። ግን የአናጢ ጣት ነው፤ ከቆዳው ውፍረት የተነሳ ምንም አላነበበለትም። ስድስቱን ብሎን ፈታ።

የእሷ ፊደል ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ሰልፍ። የእሱ ከሥሩ አለ፤ መሮው ከሚገባው በላይ ጠልቆ ገብቷል። በሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜ ነፍስ ይማር ማለት ቀላል ነገር ነው። በመዳፉ አቧራውን ጠረገና ጣውላውን በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሥራ ሊያበቃ ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር፤ ዳይሬክተሩም አላየሁም አለ።

ሐሙስ መኪናው መጥቶ የቀረውን ጫነ። የስንት ዘመን የፊዚክስ ቀመር ለመጀመሪያ ጊዜ ሙቀት ሰጠ። በበዓሉ ቀን ዳይሬክተሩ ከመድረክ ላይ አራት ገጽ ንግግር ከኪሱ አወጣ፤ ቀና ሲል ከፊት ረድፍ የተቀመጠውን አናጢ አየ፤ ወረቀቱን አጥፎ መለሰና በአራት ደቂቃ ጨረሰ። በትምህርት ቤቱ ታሪክ ከዚያ ያጠረ ንግግር አልተሰማም።

ልጁ እሑድ ልትጠይቀው ስትመጣ አባቷን ወጥ ቤት ውስጥ አገኘችው። የምግብ ጠረጴዛውን አሮጌ ፊት ነቅሎ፣ በቦታው ያን ጣውላ እያስተካከለ ነው። ነገሩን ሁሉ ነገራት። አጎንብሳ አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

«እማዬ? ዴስክ ላይ?» አለች። «እኔን መጽሐፍ ዳር ላይ ስለጻፍኩ ሁለት ሳምንት አኩርፋኛለች እኮ።»

«እና ‹ገልብጠህ ግጠመው› በያ» አለ።

«ተው እንጂ አባዬ።»

እሱም አልገለበጠም። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ከትምህርት ቤት ይዞት ከመጣው ባልዲ ያልዛጉ ስድስት ብሎኖች መርጦ አንድ በአንድ አጠበቀ። ከዚያ መድኃኒቱን አነሳና አስቀመጠው። ገና ምግብ አልበላም ነበር።