ለሕያው የተተከለ ድንኳን

ሚስቴ በሕይወት እያለች ታላቅ ወንድሜ ሞተች ብሎ ድንኳን አስተከለ። ሲነቃበት ደግሞ «ሂድና አርዳ ብሎ የላከኝ እሱ ነው» አለና በእኔ አላከከ። እድሩ አመነው። እኔን አባረሩኝ።

ሚስቴ ሆዷን ታማ ከገሱባ ሶዶ አደረስናት፣ ማስተማሪያ ሆስፒታሉ። ኦፕራሲዮን ሆና ሌሊቱን በሰላም አደረች። ጠዋት ወንድሜ ሊጠይቃት መጥቶ በበሩ አጮለቀ፤ ነጭ ጋውን የለበሱ ወጣቶች አልጋዋን ከበው አንገታቸውን ደፍተዋል። በእኛ አገር አልጋ እንዲያ የሚከበበው ነፍስ ልትወጣ ስትል ነው። አልገባ፣ አልጠየቀ፤ መኪና ፈልጎ ተመለሰ።

ወጣቶቹ የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። አስተማሪያቸው «እናታችን፣ ቢያዩዎት ይፈቅዳሉ?» አላት።

«ይዩኝ። ግን እጃቸውን ያሙቁ፤ የትናንቶቹ በረዶ ነበሩ።»

ከተማሪዎቹ አንዲት የወላይታ፣ የዲምቱ ልጅ መዳፏን አፋትጋ ሆዷን ዳሰሰችና የት እንደሚያማት በወላይትኛ ጠየቀቻት። ድሮ ሐኪም የምናናግረው በአስተርጓሚ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ የእኛ ልጅ እዚያ ቆማ ሳያት ኮራሁ። ዛሬም እኮራለሁ። ያ ሆስፒታል የኛ ነው፤ ማንም ይስማኝ።

ከሰዓት በኋላ የእድር ሰዎች አስከሬን ሊወስዱ አይሱዙ ይዘው መጡ። ሚስቴ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች።

«ማን ሞቶ ነው?» አለቻቸው።

የእድሩ ዳኛ እኔን ወደ ኮሪደር ጠርቶ «በቁም ሰው አስለቀስከን» አለኝ። ወንድሜ ከኋላው ቆሞ ጣራ ጣራ ያያል። ከዚያ ወዲያ በመንደሩ ለቅሶ ብደርስ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። እኔ ብሞት የሚቀብረኝ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ሆስፒታሉ ተማሪዎቹን ወደ ገጠርም ይልካል። እኛ ቀበሌ መጥተው ስለ ንጽሕና ሲያስተምሩ እድርተኛው ሁሉ ተሰብስቧል፤ ወንድሜም አለ። ተነሥቼ ጠየቅኩ፦ «የምትከቡት ሊሞት ያለውን ሰው ነው?»

«ኧረ አባባ፣ በየጠዋቱ ሁሉንም ነው» አለ አንዱ ተማሪ። «ነገ ወደ ቤቱ የሚሄደውንም እንከባለን። የምንማረው እንደዚያ ነው።»

ድንኳኑ ሲተከል «ሐኪሞቹ ሲከቧት በዓይኔ አየሁ» ያለው ወንድሜ ነበርና ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አንዱ ሽማግሌ «አንተ፣ ታዲያ ማን ላከህ?» አለው።

«ማንም» አለ፣ ድምፁ ሳይሰማ። ድገመው አልኩት። «ማንም አልላከኝም። ሲከቧት አየሁና ሞተች ብዬ ሮጥኩ። ኋላ አፍሬ ነው።»

ዳኛው እዚያው ይቅርታ ጠይቆኝ ወደ እድሩ መለሰኝ። እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር።